ድምፃችን ይቆጠራል ወይስ ይሞላል?

የቅዳሜ_ሰው (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የተጀመረው እኛ ቤት ነው። እናቴ የድምፅ ውድድር አያመልጣትም። ባላገሩ አይዶል ይሁን ፋና ላምሮት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቡናው ይፈላል፣ ስልኳ ከጎኗ ይቀመጣል። የወደደችው ልጅ ዘፍኖ ሲጨርስ ኮዱን በአጭር ቁጥር ትልካለች። አንዴ አይደለም፤ ካርዱ እስኪያልቅ ነው። ባለፈው "ካርድ ሙላልኝ" አለችኝ፣ ሞላሁላት። አከታትላ ልካ ስታበቃ ዞር አለችና "ልጄ፣ ይሄን ግን ማን ነው የሚቆጥረው?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እስከዛሬ አስቤውም አላውቅም።

እንደ እኔ እነዚህ ፕሮግራሞች ለሁለት ጌታ ነው የሚገዙት። አንዱ "ምርጡን እናወጣለን" ብለው የገቡት ቃል ነው። ሌላው ስፖንሰሩ የሚፈልገው የተመልካች ብዛት ነው። ሁለቱ የተስማሙ ቀን ችግር የለም። የተጣሉ ቀንስ? የምታውቁትን አምጡ። አንድ ነገር ብቻ፦ ማስረጃ የሌለው ሐሜት በአገራችን ጣቢያዎች ላይ አትለጥፉ። የታወቀ፣ የተመዘገበ ነገር ይሁን።

ቡና_በጨው

የሚቆጥረው የሚሸጠው ነው። አለቀ። ክሩን ዝጉት።

ሒሳብ_ሹም

ቡና በጨው፣ ቀልድህ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበት አገር አለ። ደቡብ ኮሪያ።

ኤምኔት የሚባል የሙዚቃ ጣቢያ "ፕሮዲዩስ 101" የሚል ውድድር ነበረው። 101 ወጣቶች ይገባሉ፣ 11ዱ አልፈው አንድ የሙዚቃ ቡድን ይሆናሉ። የሚያሳልፈው ተመልካቹ ነው። እንዲያውም ተመልካቹን "ብሔራዊ ፕሮዲዩሰር" ብለው ነበር የሚጠሩት። ሹመት በነፃ። የመጨረሻው ምሽት ምርጫ ግን በስልክ መልእክት ነው፣ አንዱ በ100 ዎን፣ በኮሪያ ገንዘብ።

የአራተኛው ዙር ፍፃሜ በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2019 ተላለፈ። ውጤቱን እዩልኝ። አንደኛ የወጣው 1,334,011 ድምፅ አገኘ። ሁለተኛው 1,304,033። ልዩነቱ 29,978 ነው። ሦስተኛው 1,079,200፣ አራተኛው 1,049,222። ልዩነቱ? 29,978። ስድስተኛው 824,389፣ ሰባተኛው 794,411፣ ስምንተኛው 764,433። እነዚህን እኔ አልቀንስላችሁም፣ ስልካችሁ ላይ ማሽን አለ።

ሥራዬ ኦዲት ነው። አንድ ቁጥር በሁለት ደረሰኝ ላይ ሲደገም ካየሁ ሻዩን አስቀምጬ ነው የማየው። የኮሪያ ልጆች ግን ከእኔ ይበልጣሉ። ድምፆቹን ሁሉ ለ7,494.442 አካፈሏቸው። 178፣ 174፣ 144፣ 140፣ 110፣ 106፣ 102 እያለ ድፍን ቁጥር ወጣ። ሚሊዮን ሕዝብ በየቤቱ ሆኖ ስልክ ሲነካካ እንዲህ የተሰለፈ ቁጥር አይወጣውም። እኔ ሳየው ድምፅ ተቆጥሮ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ የወጣ አይመስለኝም። መጀመሪያ መቶኛ ተወስኗል፣ ከዚያ ድምፁ ተሠርቶለታል።

ጣቢያው መጀመሪያ "ቁጥር ሲጠጋጋ የተፈጠረ ስህተት ነው፣ ደረጃው አልተነካም" አለ። ተመልካቾቹ አልተዋጠላቸውም፣ ተሰባስበው ከሰሱ። በኖቬምበር ዋናው ፕሮዲዩሰር ታሰረ። አራቱም ዙር ላይ እጅ ገብቶ ተገኘ። በ2020 የሁለት ዓመት እስር ተፈረደበት፣ አለቃው የአንድ ዓመት ከስምንት ወር። ፕሮዲዩሰሩ ተወዳዳሪ ካላቸው ኤጀንሲዎች የመጠጥ ቤት ግብዣ ይቀበል እንደነበርም ተረጋገጠ።

ሊያ_ኬፖፕ

አንድ እርማት። በሦስተኛው ዙር ያለፉት 12 ናቸው እንጂ 11 አይደሉም።

እኔ ያን ምሽት አዲስ አበባ ሆኜ በላይቭ እያየሁ ነበር። ለመምረጥ የኮሪያ ስልክ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ የእኔ ድምፅ አልተሰረቀም። ግን አለቀስኩ። ዛሬ የሚያናድደኝ የወደቁት ብቻ አይደሉም፣ ያለፉትም ናቸው። ከዚያ ዙር የወጣው ኤክስ ዋን የሚባል ቡድን በኦገስት 2019 ሥራ ጀመረ፣ በጃንዋሪ 2020 ፈረሰ። አምስት ወር እንኳን አልሞላውም። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ግን በሄዱበት ሁሉ "አንተ እውነት ተመርጠህ ነው?" የሚል ዓይን ተከተላቸው። ተጭበርብሮ የወደቀው ቢያንስ ሰው አዘነለት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በግፍ የተጣሉትን በስም ጠርቷቸዋል። ተጭበርብሮለት ያለፈ ግን የሚጮህለትም የለ።

ዝም_ብላችሁ_እዩ

ይቅርታ፣ እዚህ ቤት ለቅሶ በዛ። ቴሌቪዥን ነው ጎበዝ። ፈተና ክፍል አይደለም። ሰው የሚያየው ሊዝናና ነው።

የአሜሪካውን የቴሌቪዥን ውድድር፣ ሰርቫይቨርን ተመልከቱ። በ2000 የመጀመሪያው ዙር ፍፃሜ 51 ሚሊዮን ገደማ ሰው አየው። በዓመቱ ፕሮዲዩሰሩ ማርክ በርኔት "አንዳንድ ትዕይንት በምትክ ሰው ደግመን ቀርፀናል፣ ከላይ ስንቀርፅ ካሜራማኖቹ እንዳይታዩብን ነው" ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሰው ትቶት ሄደ? አልሄደም። ይኸው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላም አለ። ተመልካች ልጅ አይደለም፣ ያውቃል።

ሒሳብ_ሹም

በምትክ ሰው መቅረፁ ያሸነፈውን አልቀየረም። ቆጠራው ቢነካ ይቀየራል። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተታቸው።

ዝም_ብላችሁ_እዩ

እሺ፣ ይሄን ተቀብያለሁ። ግን ደረቅ ሃቅ ብቻ የሚያሳይ ውድድር ማን ያየዋል? የማይታይ ውድድር ደግሞ ለተወዳዳሪውም አይጠቅመውም።

ጋሼ_ሲልቨርስፕሪንግ

ልጆች፣ ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ አርጅታለች። እኔ ሳልወለድ ጀምራለች ብላችሁ አታምኑኝም። ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

በ1956 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ላይ "ትዌንቲ ዋን" የሚባል የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ተጀመረ። ስፖንሰሩ ጄሪቶል የሚባል የብረት ማዕድን መድኃኒት የሚሸጥ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ንጹህ ነበር። ጥያቄው ከበደ፣ ተወዳዳሪዎቹ ደጋግመው ሳቱ፣ ሰው ሰለቸው። በነጋታው ስፖንሰሩ በቁጣ ስልክ ደወለ። ዳን ኤንራይት የሚባለው ፕሮዲዩሰር በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ፕሮግራሙ ንጹህ ሆኖ አያውቅም።

ኸርብ ስቴምፕል የሚባል ተወዳዳሪ ነበር። መልሱ አስቀድሞ ይሰጠዋል። ላቡን እንዴት እንደሚጠርግ፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚለብስ ሳይቀር ይነግሩታል። ሳምንታት ሲቆይ ሰው ጠገበውና የተመልካቹ ቁጥር ቆመ። ያኔ ቻርልስ ቫን ዶረን የሚባል መልከ መልካም የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ይዘው መጡ። ስቴምፕልን "አሁን ትሸነፋለህ" አሉት። የምትጥለው ጥያቄ የትኛዋ መሰለቻችሁ? የ1955 ምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት። መልሱ "ማርቲ" ነው። ሰውየው ያንን ፊልም በጣም ይወደው ነበር! አውቆ ሌላ ፊልም ጠራ። በሚወደው ነገር አላዋቂ ተባለ። ከገንዘቡም በላይ ይቺ ነች ያንገበገበችው መሰለኝ። በኋላ ምስጢሩን ያወጣው እሱ ነው።

ቫን ዶረን 129,000 ዶላር ወሰደ፣ በየመጽሔቱ ሽፋን ወጣ፣ በመጨረሻ በኖቬምበር 1959 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሁሉንም አመነ። በ1960 ሕግ ወጣ። ተመልካችን ለማታለል ብሎ የእውቀት፣ የክህሎት ወይም የዕድል ውድድርን ውጤት አስቀድሞ ማዘጋጀት ወንጀል ሆነ። እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት አለው።

ግን ሕጉ "ለማታለል" የምትል ቃል አለችው። አሁን ያሉት ፕሮግራሞች ቃሏን አክብረው ይሾልካሉ። "ቶፕ ሼፍ" የሚባለውን የምግብ ማብሰል ውድድር ሳየው፣ መጨረሻ ላይ ስሞች ሲሮጡ ጉንዳን በሚያህል ፊደል የሚነበብ ነገር አለ። አሸናፊና ተሰናባች የሚወሰነው ዳኞቹ ከፕሮዲዩሰሮች ጋር ተመካክረው ነው ይላል። እንግዲህ ነግረውናል! አልሰማንም እንጂ።

ቡና_በጨው

ጋሼ፣ ያቺን ጉንዳን ለማየት ቲቪው ላይ መውጣት አለብኝ።

የቅዳሜ_ሰው

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የስፖንሰሩ ስልክ አልወጣ አለኝ። ንጹሁ ፕሮግራም የኖረው አንድ ቀን ብቻ ነው ማለት ነው?

ጋሼ_ሲልቨርስፕሪንግ

አንድ ቀን ነው ልጄ። እሱም በስህተት።

መቁረጫ_ክፍል

ለዓመታት የእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ኤዲተር ነበርኩ። ጣቢያውን አልጠራም፣ አገሩንም አልጠራም። እናንተ ቆጠራ ላይ ተጣብቃችኋል። ተንኮሉ ግን ድምፅ ከመሰጠቱ ከሳምንታት በፊት ያለቀ ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ዳኛዋ ፊቷን አጨማደደች። ለምን? ሻዩ አፏን አቃጥሏት ይሆናል። እኔ ያንን ፊት አንስቼ የሚዘፍነው ልጅ ሥር አስገባዋለሁ። በቃ፣ ልጁ ድምፁ ሰለለ ማለት ነው። አንዱ ተወዳዳሪ ሰኞ ዕለት "እሱን አልወደውም" አለ። ያወራው ስለ ወጥ ነበር። ሐሙስ ከጓደኛው ጋር የተጣላበት ክፍል ላይ ድምፁን ብቻ ወስጄ ብለጥፈው ማን ያውቃል? አንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት ቀን ንግግር ቆራርጠን ሰፍተን እናውቃለን። ድምፁ ሲዘል እንዳይሰማ ከላይ ሙዚቃ ይለበስበታል። ተመልካች አልቃሻና ተንኮለኛ ይፈልጋል ይባላል፣ ስለዚህ አንድ አልቃሻ አንድ ተንኮለኛ እንዲወጣልኝ አለቃዬ በወረቀት ይጽፍልኛል። ከተወዳዳሪዎቹ ማን ለየትኛው እንደሚሆን የሚመረጠው ቀረፃው ሳያልቅ ነው።

አንድ ልጅ አለች። ተንኮለኛ ያደረግኳት እኔ ነኝ። እውነቷን ለመናገር ዝምተኛ ነበረች፣ ሌላ ነገር የለባትም። ዝምታዋን ኩራት አስመሰልኩት። ድምፅ ቀርቶባት ወጣች። ቆጠራው ያለ እንከን ነበር፣ አንድም ድምፅ አልጎደለም። ታዲያ እሷን ማን ጣላት?

በኋላ ገበያ ላይ አየኋት። አታውቀኝም። ሰላም እንኳን ሳልላት በሌላ በር ወጣሁ።

ሊያ_ኬፖፕ

...ይቅርታ ጠይቃት።

መቁረጫ_ክፍል

ምን ብዬ? "ፊትሽን ሃምሳ ሰዓት አየሁት፣ ከዚያ መጥፎውን መረጥኩልሽ" ልበላት?

ቶማስ_ለንደን

የመቁረጫ ክፍሉ ወንድሜ ያለውን እዚህ አገር በአይናችን አይተነዋል። በ2014 በኬክ ውድድሩ "ቤክ ኦፍ" ላይ የአንዱ ሰውዬ አይስክሬም ከፍሪዘር ውጭ ቀረና ቀለጠ። ተናዶ ሥራውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው። አርትዖቱ ሌላዋ ተወዳዳሪ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ሆን ብለው ያወጡበት አስመሰለ። ለተቆጣጣሪው ለኦፍኮም ከ800 በላይ አቤቱታ ደረሰ። ለአይስክሬም! ሴትየዋ ከፍሪዘር ውጭ የቆየው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር አሉ።

የቆጠራውን ነገር በተመለከተ ደግሞ እንግሊዝ በ2007 ጉዷ ፈላ። ጂኤምቲቪ የሚባለው የጠዋት ፕሮግራም ሕዝቡ ገና እየደወለ እየከፈለ ሳለ አሸናፊውን አስቀድሞ ይመርጥ ነበር። 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። አይቲቪ በዓመቱ 5.675 ሚሊዮን ተቀጣ። አንዱ ፕሮግራሙ ላይ ተመልካች የመረጠውን ዘፈን ትተው የፈለጉትን ያዘፍኑ ነበር። ሌላው ላይ አሸናፊዎች የሚለዩት በሚኖሩበት አካባቢና ቲቪ ላይ ሞቅ ያሉ መሆን አለመሆናቸው ታይቶ ነው። ደዋዮቹ ግን ይህን አያውቁም፣ በዕጣ የሚለይ መስሏቸው ነው የሚደውሉት።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የቢቢሲ ድመት ናት። "ብሉ ፒተር" የሚባል የልጆች ፕሮግራም ላይ ልጆቹ የድመቷን ስም እንዲመርጡ ተጠየቁ። "ኩኪ" አሉ። ሠራተኞቹ ስሙን አልወደዱትም፣ "ሶክስ" አሏት። ሲጋለጥ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሌላ ድመት አመጡና ኩኪ ብለው ሰየሟት። እንግዲህ በልጆች የድመት ስም ላይ እጁን ያልሰበሰበ ሰው...

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ጣቢያዎቹ የስልክ ድምፁን ገለልተኛ ወገን እንዲያረጋግጠው ተገደዱ። የዘፈን ውድድሩ ኤክስ ፋክተር ደግሞ ዙሩ ካለቀ በኋላ የየሳምንቱን መቶኛ ማውጣት ለመደ። በ2010 ያሸነፈው ማት ካርድል ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ መጨረሻው መሪ እንደነበር ያወቅነው እንደዚያ ነው። ሦስተኛ የወጡት ዋን ዳይሬክሽን የሚባሉት የወንዶች ቡድን ናቸው። በኋላ ዓለምን ያናወጡት እነሱ ሆኑ፣ አሸናፊው ግን አሸናፊ ሆኖ ቀረ። ማንም ቀይሮ አልጻፈለትም።

ዝም_ብላችሁ_እዩ

አያችሁ? ሦስተኛ የወጡት ተሸጡ። ታዲያ ንጹህ ቆጠራ ለንግዱም አልጎዳውም ማለት ነው። ራሴን ተቃወምኩ መሰለኝ።

ሶስና_ነታንያ

ሰላም ከእስራኤል። ስለ "አሳዛኝ ታሪክ" ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ።

በ2011 ሐጊት ያሶ የእዚህን አገር የዘፈን ውድድር "ኮኻቭ ኖላድ"ን ስታሸንፍ የእኛ ሰፈር እልልታ ነበር። ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች የተወለደች፣ ሮኬት ከሚወድቅባት ከስዴሮት የመጣች ልጅ። አክስቴ በምሽቱ ስልኳን ቻርጀር ላይ ሰክታ ነው የመረጠችው። በማግስቱ ሥራ ቦታ አንዷ "ታሪኳ ነው ያሸነፈው" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ለነገር አይደለም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሆዴ ሲበላኝ ዋለ።

ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ፕሮግራሙ ስዴሮትን ደጋግሞ አሳይቷል፣ ወላጆቿን አሳይቷል። ሙዚቃ ከሥር አለ። ግን ልጅቷ ትዘፍናለች እኮ! ታሪኩን ባያሳዩት "ድምፅዋ ነው" ይባል ነበር። ስላሳዩት ድምፅዋ ተሸፈነ። በ2013 ታሁኒያ ሩቤል "ታላቁ ወንድም"ን (ቢግ ብራዘርን) ስታሸንፍም ያው ወሬ ነበር። ኤደን አለነ በ2018 ኤክስ ፋክተርን፣ በ2020 ደግሞ ወደ አውሮፓው የዘፈን ውድድር፣ ወደ ዩሮቪዥን፣ የሚልከውን ውድድር ስትወስድ ወሬው ቀነስ አለ። ሁለቴ የሚያሸንፍ ሰው ላይ ማዘን ይከብዳል መሰለኝ።

ዩቲዩብ ላይ የኢትዮጵያን ውድድሮች ሳይም ያው ነው። ልጁ ገና ሳይዘፍን እናቱን ያስለቅሷታል። ክራር ከሥር፣ ካሜራ እንባ ላይ። ልጁ ምን ድምፅ እንዳለው ሳላውቅ እኔም አልቅሻለሁ። ይሄ ማጭበርበር ነው ወይስ አይደለም? እኔ አይለይልኝም።

የቅዳሜ_ሰው

እናቴ የምትልከው ለማን መሰለሽ ሶስና? እናቱ ላለቀሰችው። ሁልጊዜ።

መቁረጫ_ክፍል

ሶስናዬ፣ ታሪኩ እውነት እስከሆነ ማጭበርበር አልለውም። የሚከብደኝ የአንዱ ታሪክ አራት ደቂቃ፣ የሌላው አርባ ሰከንድ ሲሆን ነው። ያንን ስንሠራ እያወቅን ነው የምንሠራው። ደቂቃ ማለት ድምፅ ነው።

ሒሳብ_ሹም

ይቺን ወደድኳት። እንባ አይመዘንም፣ ደቂቃ ግን ይቆጠራል። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስንት ደቂቃ እንደታየ ሰዓት ይዞ መጻፍ የማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ለየቅዳሜ ሰው፦ የእናትህ ጥያቄ መልስ አለው። ጣቢያው ውስጥ ገብተህ ማየት አይጠበቅብህም። ሦስት ነገር ብቻ ፈልግ። ድምፁን የሚሰበስበው ማን ነው ይላል? የዳኛና የሕዝብ ድርሻ ስንት ስንት እንደሆነ ውድድሩ ሳይጀምር ተነግሯል? ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ይወጣል? ሦስቱም ካሉ ካርዱን ሙላላት። ከሌሉም ሙላላት፣ እናትህ ናት። ግን ንገራት።

ሊያ_ኬፖፕ

እኔ የደቂቃውን እይዛለሁ። ሰዓት ቆጣሪ አለኝ፣ ልምዱም አለኝ።

የቅዳሜ_ሰው

ትናንት ማታ ሞከርኩት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስሞቹ የሚሮጡበትን ላቆመው ብዬ ሪሞቱን ያዝኩ። እናቴ "ምን ሆነሃል፣ አለቀ እኮ" ትለኛለች። አቆምኩት። አንድ መስመር አለች፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ነጭ ፊደል በቢጫ ላይ። ስልኬን አስጠግቼ ፎቶ አነሳሁ፣ ደበዘዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በደንብ አንስቼ እለጥፈዋለሁ።

ጋሼ_ሲልቨርስፕሪንግ

የእናትህን መነፅር ተበደር።

የቅዳሜ_ሰው

እሷ ያለ መነፅር አንብባዋለች ጋሼ። "የስፖንሰሩ ስም ነው" አለችኝ።